ከአብዮቱ በፊት የተሠራ ሰፊ ቤት አዳማ ላይ ስገዛ

በድሮው ባቡር ጣቢያ ዙሪያና በመሃል አዳማ ከአብዮቱ በፊት የተሠሩ ሰፋፊ ቤቶች አልፎ አልፎ ለሽያጭ ይወጣሉ። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ግቢያቸው ዛፍ ያለበት፣ ሳሎናቸው አንድ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም የሚያህል ነው። ደላላ የሚያሳየው ይህንን ነው። እኔ ከግድግዳው በፊት ወረቀቱን አየሁ፤ ግድግዳ ይጠገናል፣ የተበላሸ ይዞታ ግን ዓመታት ፍርድ ቤት ያመላልሳል።

የመጀመሪያው ጥያቄ “ቤቱ በ67 ምን ሆነ?” ነው። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበረው ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች (የመንግሥትን ቤት ወደሚያከራየው መሥሪያ ቤት) ሄዱ። ስለዚህ ሰፊ ቤት በግል እጅ የቆየው ባለቤቱ ራሱ ስለኖረበት ነው፤ አለዚያም ተወርሶ ኋላ ተመልሷል። ከተመለሰ የመመለሻው ደብዳቤ ዋናው ይታይ። ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነው፦ ዋናው ቤት የግል ሆኖ ጓሮ ያለው ሰርቪስ የቀበሌ ቤት የሆነበትና ተከራይ የሚኖርበት ግቢ። ሻጭ “እነሱ ይወጣሉ” ይላል። ማስወጣት የሻጩ ሥልጣን አይደለም፤ ስለዚህ ያንን ክፍል የሌለ አድርጎ ዋጋ መስጠት ነው።

ቀጥሎ ግቢውን በሜትር ለክቼ የይዞታ ካርታው ላይ ካለው ስፋት ጋር አስተያየሁ። አጥሩ ከካርታው ካለፈ ትርፉ አይሸጥም፤ ካነሰ ደግሞ ጎረቤት ገብቶበት ይሆናል። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ፋይሉን ማስወጣት ግድ ነው። እዳና እገዳ አለበት ወይ? ባንክ በመያዣ ይዞታል ወይ? በፕላኑ ላይ መንገድ ይነካዋል ወይ? የቤትና የቦታ ግብሩስ እስከ መቼ ተከፍሏል? አንድ ጥያቄ ግን ብዙ ሰው ይዘላል፦ በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ ገዢው በሊዝ እንዲይዝ የሚል ድንጋጌ አለው። ስም ሲዞር ምን እንደሚያስከፍል ከዋጋ ድርድር በፊት ከመሬት ክፍሉ መጠየቅ ይገባል። በአዳማ የቢሮው ሥራ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቋንቋውን በደንብ የማያነብ ሰው ውሉን አስተርጉሞ እንጂ ሳያነብ አይፈርም።

እንዲህ ያሉ ቤቶች አብዛኞቹ የውርስ ናቸው። ካርታው በሟች አባት ስም ሆኖ አንዱ ልጅ ሲሸጥ ይገኛል። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ላይ ስማቸው ያለ ሁሉ ራሳቸው ወይም በውክልና ይፈርሙ፤ ውጭ አገር ያለው ወንድም “ተስማምቷል” መባሉ አይበቃም። የጋራ ቤት ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርማሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በሰነድ አረጋጋጭ ወይም በፍርድ ቤት ፊት መደረግ አለበት። ቀብድ የሰጠ ገዢ ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ሻጭ ከተወ እጥፉን ይመልሳል (አንቀጽ 1885)። እኔ ቀብዱን አነስተኛ አድርጌ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ስሙ ዞሮ ካርታው በእጄ ሲገባ በሲፒኦ (ባንክ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) የሚሰጥ ብዬ በውሉ አስገባሁ። የስም ማዛወሪያና የታክስ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን እዚያው ይጻፍ።

አሁን ወደ ቤቱ። የዚያን ዘመን ግድግዳ ከውጭ ሲሚንቶ ሆኖ ውስጡ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍታ ላይ በመዶሻ እጀታ ማንኳኳት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ለቋል። ጭቃ በእርጥበትና በድርቀት ይላወሳል፣ ሲሚንቶ አይላወስም፣ ስለዚህ ይለያያሉ። ከዚያ ዞኮሎውን (የግድግዳውን ግርጌ መሸፈኛ) አንድ ቦታ አንስቶ የግድግዳውን እንጨት በካቻቢቴ መውጋት። ጫፉ ያለ ትግል ከገባ ምስጥ በልቶታል። ጭቃ ግድግዳ ላይ ፎቅ አይታሰብም፤ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) የሌለው ብሎኬትም ቢሆን እንዲሁ።

አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፣ በ2017 የፈንታሌው መንቀጥቀጥ እዚህም ተሰምቷል። ከዚያ ወዲህ የተቀባ ቀለም ካለ፣ በተለይ በመስኮትና በበር ማዕዘን ብቻ አዲስ ከሆነ፣ ሥሩ ምን እንዳለ ይፈተሽ። ስንጥቁ ቆሟል ወይስ ይሄዳል የሚለውን ለማወቅ በስንጥቁ ላይ ቀጭን ጄሶ አግድም ለጥፎ ቀን መጻፍ ነው። ጄሶው ተሰነጠቀ ማለት ግድግዳው አሁንም ይንቀሳቀሳል። ፈተናው ጊዜ ስለሚወስድ ሻጭ ካልፈቀደ እሱም ራሱ መልስ ነው። ከተቻለ ቤቱን በሐምሌ ወይም በነሐሴ ማየት፤ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ የት እንደሚሄድ የጎረቤት አጥር ላይ የቀረው የጭቃ መስመር ይናገራል።

ኮርኒስ ላይ ባትሪ ይዞ መውጣት አይቀርም። ቀን ላይ ባትሪውን ሲያጠፉ ብርሃን በነጥብ በነጥብ ከታየ ቆርቆሮው ተበስቷል። ያ ቀላል ነው፤ ማገሩ በምስጥ ከተበላ ግን ጣሪያው በሙሉ ይነሳል። አንዳንዱ ገዢ ኮርኒሱን ዝቅ አድርጎ “ዘመናዊ” ያደርጋል። በአዳማ ሙቀት ይህ ገንዘብ ከፍሎ ላብ መግዛት ነው።

የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት እንዳለ ሻጩ በጣቱ ያሳይ። አሮጌው ጉድጓድ ሞልቶ በላዩ ሰርቪስ የተሠራበት ግቢ አለ፤ አፈሩ ሲሰጥም ክፍሉም ይሰጥማል። የብረት ቱቦ ውስጡ በዝገት ይጠብባል፦ ሁለት ቧንቧ አንድ ላይ ከፍቶ አንዱ ከደከመ መስመሩን በፒፒአር (የፕላስቲክ ቱቦ) መቀየር እንጂ መጠገን አይረባም። የከተማው ውሃ ከአዋሽ ተጣርቶ ይመጣል። ግቢው የራሱ የከርሰ ምድር ውሃ ካለው ግን ፍሎራይዱ ይመርመር፤ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ካለፈ ለመጠጥ አይሆንም።

መብራቱን ሙሉ በሙሉ ቀየርኩት። በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ቤት አልነበረም፣ ግራውንድም (ወደ መሬት የሚወርድ የደኅንነት ሽቦ) ብዙ ቤት የለውም። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይወስዳል። ለብቻው 4 ሚሊሜትር ካሬ ገመድና 20 አምፔር ብሬከር ይሰጠው፤ ለሶኬት 2.5፣ ለአምፖል 1.5 ይበቃል። ፊውዙ በመዳብ ክር የተጠመጠመ ከሆነ ከዚያ መስመር ምንም ሳይነቀል አይቅር።