«ከርቤ ስጠኝ» ማለት አይበቃም

ሐረር ያለችው አያቴ ድዷን ሲያማት ከርቤ በውሃ ዘፍዝፋ ትጉመጠመጣለች። ዓምና አለቀባትና እኔን ላከችኝ። እኔ ድሬ ነው የምኖረው፣ ከፊራ ገበያም ቅርቤ ነው። አንዱን ልጅ «ከርቤ ስጠኝ» አልኩት። ቡናማ ሙጫ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሳሸተው ደስ ይላል። ይዤ ሽው ወደ ሐረር።

አያቴ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ አኖረችው። «ይሄ መቼ መረረና!» ብላ መለሰችልኝ።

ከፊራ ተመልሼ አንዲት ሶማሌ እናት አሳየኋቸው። ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሐበግ ሃዲ ነው። አንተ የምትፈልገው መልመል ነው።» በሶማሊኛ ሐበግ ማለት ሙጫ ነው። ሁለቱም የሚወጡት ከሚዛመዱ ዛፎች ነው፤ ቅርፊታቸው ሲቆስል እንባ ያነባሉ፣ እንባው ይደርቃል። ሃዲው ጥሩ መዓዛ ስላለው ለሽቶ ይፈለጋል። መልመሉን አቀመሱኝ፣ አፌ እሬት ሆነ። ዐረቦቹ ከርቤን «ሙር» ይሉታል፤ ከእኛው «መራራ» ጋር አንድ ሥር ነው። ፈረንጆቹም ስሙን የወሰዱት ከዚያው ከሴም ቋንቋዎች ነው። ጣዕሙን በስሙ ተሸክሞ ሲዞር እኔ ሽታውን አይቼ ገዛሁ!

ከዚያ በኋላ ደብተር ይዤ ገበያ መውጣት ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ የሠራሁት ስሕተት «ስሙ ምን ማለት ነው?» እያልኩ መጠየቄ ነበር። ሰው እንግዳ እንዳያሳፍር ብሎ የመሰለውን ይነግርሃል። አሁን የምጠይቀው ለምን እንደሚጠቀሙበት ነው፤ ትርጉሙ ብዙ ጊዜ ራሱ ይወጣል። ሥሩ በእስር በእስር የሚሸጠው ድንገተኛ፣ ስሙ በቃ ማዘዣ ነው፤ ለድንገተኛ ሕመም። ዕጣንም «ዐጠነ» ከሚለው ነው የመጣው፣ አጨሰ እንደማለት።

ያሞኘኝ ሉባንጃ ነው። እኔ ከሊባኖስ ጋር አገናኝቼው ደብተሬ ላይ በትልቁ ጽፌ ነበር። ለካ ዐረብኛው «ሉባን ጃዊ» ነው፣ የጃዋ ዕጣን። ዐረብ ነጋዴዎች ሱማትራንም ጃዋ ይሏት ስለነበር ስሙ ከእነሱ ጋር ባሕር ተሻግሮ መጣ። ግን ሙሉ በሙሉም አልሳትኩም፤ ሉባንም ሊባኖስም ሥራቸው «ነጭ» የሚል ቃል ነው። አንዱ በሙጫው፣ ሌላው በተራራው በረዶ።

መልመሉን ለአያቴ ስወስድላት ስለ «ሙር» በኩራት አስረዳኋት። ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች።

«አቦ፣ መምረሩን ለማወቅ ዐረብኛ መማር ነበረብህ?»