ለጨዋታ ወጥቶ ማደር፦ ከሐዋሳ፣ ከድሬና ከአዳማ የለቀምኩት

ክለቤን ኢትዮጵያ ቡናን ተከትዬ ከአዲስ አበባ መውጣት ከጀመርኩ ወዲህ ስለ ኳስ ያለኝ እውቀት እምብዛም አልጨመረም፤ ስለ ፔንሲዮን ያለኝ ግን ዲግሪ ሊያሰጠኝ ምንም አልቀረው። ዘንድሮም ለመውጣት የምታስቡ ስላላችሁ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ድሮ አልጋ ስፈልግ የምጠይቀው «ለስታዲየሙ የቱ ይቀርባል?» ብዬ ነበር። አሁን የምጠይቀው «ጨዋታው ሲያልቅ በምንድነው የምመለሰው?» ብዬ ነው። ጥያቄዎቹ አንድ ይመስላሉ እንጂ የሚወስዱት ወደተለያየ ሰፈር ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው ይለያያል።

ነገሩ እንዲገባችሁ የፕሪሚየር ሊጉን አሠራር ላስታውስ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎቹ በቀጥታ በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምሩ፣ ክለቦች በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ ሁሉም አንድ ከተማ ተሰብስበው ለሳምንታት ተጫውተው ወደ ቀጣዩ ከተማ ማለፍ ጀመሩ። ሐዋሳ፣ አዳማና ድሬዳዋ በተደጋጋሚ አስተናግደዋል፤ ባሕር ዳርና ጅማም ተራ ደርሷቸው ነበር። ስለዚህ አንድ ከተማ ውስጥ በአንድ ጊዜ አልጋ የሚይዘው ደጋፊ ብቻ አይደለም። ከአሥር በላይ ክለቦች ከነተጫዋቾቻቸው፣ ከነአሠልጣኞቻቸውና ከነወጌሻዎቻቸው አሉ፤ ዳኞችና ኮሚሽነሮች አሉ፤ የቴሌቪዥን ቀረጻ ሰዎች አሉ፤ ጋዜጠኞች አሉ። እነዚህ ቀድመው፣ በተቋም ስም፣ ለረጅም ጊዜ ነው የሚይዙት። ለሜዳው የሚቀርበው ደህና ሆቴል እኛ ሳንደርስ ያልቃል። ተርፎ የምናገኘው ወይ የማይቀመስ ዋጋ ያለው ነው፣ ወይ ደግሞ እነሱ አይተው የተዉት።

ይህ አሠራር በረከትም አለው። በቀን ሁለት ጨዋታ ሲደረግ፣ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱንም ቀን ጨዋታ ያለበት ከተማ ከገባችሁ የአንድ ሌሊት አልጋ ከፍላችሁ አራት ጨዋታ ታያላችሁ። የአልጋ ዋጋ ውድ ነው ርካሽ ነው የምለው ከዚያ በኋላ ለጨዋታ አካፍዬ ነው። የራሳችንን ጨዋታ ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ትራንስፖርቱን ሲደምር ሁልጊዜ ይከስራል።

ከሐዋሳ ልጀምር። ጨዋታዎቹ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሲሆኑ ሁሉም ሰው ወደ ዩኒቨርሲቲው በር ነው የሚሮጠው። እዚያ ዙሪያ ፔንሲዮን ሞልቷል፣ እውነት ነው፤ ግን የተሠራው ለተማሪና ተማሪውን ሊጠይቅ ለሚመጣ ዘመድ ነው። ምረቃ ወይም የተማሪ መግቢያ ሲገጥም በር በር ማንኳኳት ትርፉ ድካም ነው። ሐይቅ ዳር ያለው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ኃይሌ ሪዞርት በር ላይ ፎቶ ተነሥተን ወደ ሰፈራችን ነው የምንመለሰው። እኔ የረጋሁት ፒያሳና መናኸሪያ አካባቢ ነው። ሌሊት ሲመሽ እንኳ ባጃጅ የሚያልፍበት ዋና መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ጠዋት አውቶቡስ ለመያዝም ስለሚቀርብ።

እዚህ ላይ የባጃጅን ነገር ልብ በሉ። ቀን ቀን ባጃጅ በመስመር ነው የሚሠራው፣ ዋጋውም ሳንቲም የሚባል ነው። ጨዋታ አልቆ ሕዝቡ ከበሩ ሲወጣ ግን ሁሉም ባጃጅ በአንድ ጊዜ ኮንትራት ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በሩ ላይ አትቁሙ። ከሕዝቡ ተነጥላችሁ አሥር ደቂቃ ያህል በእግር ሂዱና ከዋናው መንገድ በመስመር የሚሄደውን ያዙ። ከስታዲየም ርቆ ማደር ያስወጣል የሚሉ ሰዎች ሒሳባቸው የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ የበሩን ኮንትራት ነው የሚቆጥሩት።

አሁን ወደ ስልኩ። አብዛኛው የምንችለው ፔንሲዮን ኢንተርኔት ላይ የለም፤ ቢኖርም ፎቶው የተነሣው ቤቱ የተመረቀ ዕለት ነው። ያለው ስልክ ነው። በስልክ ደግሞ «አለ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። እንዲህ ዓይነት ወግ ስንቴ አወራሁ፦

«ሄሎ እህት፣ ለቅዳሜ ባለሁለት አልጋ ክፍል ይኖራችኋል?»

«አለ፣ ኑ።»

«ቀብድ በቴሌብር ልላክ?»

«ኧረ ምን አስቸኮላችሁ፣ መጥታችሁ አይታችሁ ትከፍላላችሁ።»

ሲሰሙት ደግነት ይመስላል። ቀብድ የማይቀበል ቤት ግን አልጋውን ቀድሞ ለደረሰ ነው የሚሰጠው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ስትደርሱ «አሁን ገና ተያዘ» ትባላላችሁ። እኔ የምፈልገው «ግማሹን ላክና ስምህን በመልእክት ጻፍልኝ» የምትለዋን ነው። ልኬ ደረሰኙን ስልኬ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ዓርብ ማታ ደግሞ ደውዬ አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ አልጋዬ የኔ ነው።

አንዳንድ ፔንሲዮኖች ቀብድ የማይወዱበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ግን ተጽፎ አላየሁም። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ቤቱ የሚያተርፈው በሾርት ነው። ለሁለት ሰዓት የሚከራይ ክፍል በአንድ ከሰዓት ስንት ጊዜ ተከራይቶ ማታ ደግሞ ለአዳሪ ይሰጣል። «ክፍሉ ገና አልጸዳም፣ ማታ ሁለት ሰዓት ኑ» ሲሏችሁ ትርጉሙ ይሄ ነው። ሻንጣ ተሸክሞ ስታዲየም መግባት ደግሞ በፍተሻው ምክንያት ራስ ምታት ነው። ስለዚህ በስልክ ስደውል «ስንት ሰዓት መግባት እንችላለን?» የሚለውን ከዋጋው በፊት እጠይቃለሁ። «ከደረሳችሁበት ሰዓት ጀምሮ» ካሉኝ ቤቱ የአዳሪ ቤት ነው፣ ሌሊቱም ጸጥ ይላል። ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም እከፍላለሁ።

ሌሎቹ ጥያቄዎች አጫጭር ናቸው። ሮቶ አላችሁ? ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ሮቶ የሌለው ቤት ሻወር አለው ማለት ቀልድ ነው። ከታች ባር ወይም ጭፈራ ቤት አለ? ካለ ከመንገድ የራቀውን የኋላ ክፍል እጠይቃለሁ። የሚከፈለው ታክስን ጨምሮ ነው? ፔንሲዮኖች ብዙም አያስቸግሩም፣ ሆቴል የሚል ታፔላ ያለው ግን 15 በመቶ ቫትና የአገልግሎት ክፍያ በላዩ ጨምሮ ሒሳቡን ሌላ ያደርገዋል። በሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል? የምሽቱ ጨዋታ አንድ ሰዓት ላይ ከጀመረ ሲያልቅ ሦስት ሰዓት ይጠጋል፤ ራት በልታችሁ ስትመለሱ በሩ ተቆልፎ ጋሼ ዘበኛውም እንቅልፍ ጥሏቸው ይሆናል። ከመውጣቴ በፊት ሰላም ብያቸው፣ ቡና ነን ብያቸው፣ እንደምናመሽ ነግሬያቸው ነው የምወጣው። የተቀናቃኛችን የጊዮርጊስ ደጋፊ ሆነው ካገኘኋቸው ደግሞ ከሰላምታው ጋር ትንሽ የሻይ አስጨብጣለሁ።

ከጓደኛ ጋር ለምትሄዱ ወንዶች አንድ ነገር። ብዙ ቤት ሁለት ወንድ በአንድ አልጋ አያሳድርም፤ ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል። ወጪ ለመጋራት ብላችሁ ባለአንድ አልጋ ይዛችሁ ብትሄዱ ሪሴፕሽኑ ላይ ሁለተኛ ክፍል ያዙ ትባላላችሁ። ከመጀመሪያው «ባለሁለት አልጋ» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ለሁለት ሲካፈል ከነሻወሩ እንኳ ለብቻ ከምትይዙት የጋራ ሻወር ክፍል ብዙ አይርቅም። ሁለታችሁም መታወቂያ ያዙ። ሰብሰብ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ሰው ይደውል፤ «አምስት ክፍል እንፈልጋለን» ሲባል በአንድ ክፍል የማይወርድ ዋጋ ይወርዳል።

ድሬዳዋ ለኔ ከሁሉም የምትወደደው ናት፣ በጣም ያስተማረችኝም እሷ ናት። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ደርሶ መልስ የሚባል ነገር የለም፣ ማደር ግዴታ ነው። በባቡር ከፉሪ ለቡ ለምትሄዱ፣ የሚሄድበትን ቀን ከጨዋታው ቀን ጋር አስቀድማችሁ አስተያዩ፤ ድሬ ያለው አዲሱ ጣቢያ ደግሞ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ የድሮው የፈረንሳዮቹ ጣቢያ መስሏችሁ መሃል ከተማ እንወርዳለን እንዳትሉ። ከጣቢያው የወሰደኝን ባለባጃጅ ስታዲየም አጠገብ አልጋ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ድሬ እንደምታውቁት «እርስዎ» አይባልም፤ ልጅ ነው ግን እንደ እኩያው ነው ያዋራኝ። «አቦ! ስታዲየም አጠገብ ምን ያደርግልሃል? ከዚራ እደር፣ ዛፍ አለ፣ ንፋስ አለ። ማታ ደውልልኝ፣ እኔ እመልስሃለሁ» አለኝና ስልኩን ሰጠኝ። ማታም መጣ፤ ከሕዝቡ ራቅ ብሎ ቆሞ ጠበቀን፣ የተነጋገርነውንም ዋጋ ብቻ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ በየከተማው መጀመሪያ የምይዘው የአንድ ባለባጃጅ ስልክ ነው፣ አልጋው ቀጥሎ ይመጣል።

ድሬ ላይ ከሮቶ በላይ የምጠይቀው ስለ ሙቀቱ ነው። ኤሲ ያለው ክፍል ዋጋው ይንራል፤ ቬንትሌተር ያለው ይበቃል፣ ግን መሥራቱን ገንዘብ ሳትከፍሉ አስበርታችሁ እዩ። የላይኛውን ፎቅ አትውሰዱ፤ ጣሪያው ቀን የዋጠውን ፀሐይ ሌሊቱን ሙሉ ይተፋባችኋል። መሬት ላይ ያለ ወይም አንደኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ለዛፍ የሚከፈት ከሆነ እሰየው። አጎበር ከሌለ ጠይቁ።

ሌላው ካላንደር ነው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ድሬንም ሐረርንም ይሞላል። በዚያ ሰሞን ሊጉ ድሬ ከሆነ ቀብዱን ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ካልላካችሁ ማደሪያችሁ የሰው ቤት ምንጣፍ ነው። የሐምሌ 19ኙ አብዛኛውን ጊዜ ሊጉ ካለቀ በኋላ ስለሚውል አያሳስብም። ሐዋሳም የራሱ ገብርኤል አለው፣ በዚያው በታኅሣሥ 19 ከተማው ይጨናነቃል። በተጨማሪም የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ አለ፤ በዩኔስኮ ከተመዘገበ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንግዳው በዝቷል፤ ቀኑን የሚወስኑት ጨረቃና ከዋክብት የሚያነብቡ የአገሬው አዋቂዎች ስለሆኑ በየዓመቱ ይለያያልና ሐዋሳ የሚኖር ሰው ጠይቁ። የጨዋታ መርሐ ግብር ሲወጣ መጀመሪያ የማስተያየው ከበዓላት ጋር ነው። ደርቢ እንኳ የቁልቢን ያህል አልጋ አያስወድድም።

አዳማን በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም ምክሬ አትደሩ ነው። በፍጥነት መንገዱ ቅርብ ናት። የከሰዓቱን ጨዋታ ለማየት ጠዋት ከቃሊቲ ተነሥቶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። የምሽቱ ከሆነ ግን መኪናው ይመናመናል፣ የተገኘውም የፈለገውን ይጠራል፤ የደጋፊ ማኅበሩ አውቶቡስ ካለ በእሱ ተመለሱ፣ ከሌለ እደሩ። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፤ በሥራ ቀናት የመሥሪያ ቤት ሥልጠናና ወርክሾፕ ሆቴሎቹን ይይዛቸዋል፣ አበል ያለው ሰው ደግሞ በዋጋ አይከራከርም። በሳምንቱ መሃል የሚውል ጨዋታ ካላችሁ ሆቴሉን ተዉትና መናኸሪያው አካባቢ ወይም ፍራንኮ ሰፈር ወዳሉት ትንንሽ ፔንሲዮኖች ደውሉ። ስብሰባተኛው እዚያ አይመጣም።

ባሕር ዳርን አልጻፍኩም፤ ሊጉ እዚያ ሲመለስ፣ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹም በአገራቸው ሜዳ ሲጫወቱ ያኔ እንደገና እንማራለን። ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ «ሜዳችን» የማላዊዋ ሊሎንግዌ ነበር፤ እዚያ አልጋ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ካለ እሱ የኔ አለቃ ነው።

አሁን ስልኬ ውስጥ ቁጥሮቹን የምመዘግበው በከተማና በቤቱ ጠባይ ነው፦ «ሐዋሳ፣ ቀብድ ትቀበላለች፣ የኋላ ክፍል»፣ «ድሬ ከዚራ፣ ቬንትሌተር፣ አንደኛ ፎቅ»፣ «ድሬ ባጃጅ፣ ማታ ይመጣል»። ዋጋ አልጻፍኩላችሁም፣ እናንተ ጋ እስኪደርስ ይቀየራል። የሚጎድለኝ አዳማ ላይ ሌሊት የሚታመን ባለባጃጅ ነው። የምታውቁ ካላችሁ ወዲህ በሉ፤ በምትኩ የሐዋሳዋን እህት ስልክ እሰጣለሁ፣ ግን ቀብዱን ሳትልኩ እንዳታሳፍሩኝ።