የሬዚደንት ሐኪሞችን አእምሮ በመጠይቅ መለካት

ሥነ ልቦናዊ ተጣጣፊነትን (አስቸጋሪ ሐሳብና ስሜት እያለም ዋጋ የምንሰጠውን ነገር ማድረግ መቻልን) ለመለካት በሰፊው የሚያገለግለው መጠይቅ 7 ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ እያንዳንዱ መልስ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ስለሚይዝ ድምሩ ከ7 እስከ 49 ይደርሳል፣ ከፍተኛ ነጥብም የሚያመለክተው ተጣጣፊነትን ሳይሆን ግትርነትን ነው። የሚያሳስበኝ፣ ሌሊቱን በተረኝነት ያደረ ሬዚደንት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) «ስሜቴን እፈራለሁ» ለሚለው ዓረፍተ ነገር ከፍተኛ ነጥብ ቢሰጥ፣ የተለካው ግትርነቱ ይሁን የዚያ ሌሊት ጭንቀቱ ለመለየት አዳጋች መሆኑ ነው፤ ይህንን ትችት ተመራማሪዎችም አንሥተውታል።

ሌላው፣ ባለ 15 ጥያቄው የአስተውሎት (አሁን እየሆነ ላለው ነገር ልብ የማለት) መጠይቅ፣ ሥራን ልብ ሳይሉ በልማድ ስለ ማከናወን ይጠይቃል። ይህ ለሐኪም ተገቢ ጥያቄ ይመስለኛል፤ የደም ግፊት እየለካ ሐሳቡ ቀጣዩ አልጋ ላይ ያለ ሐኪም፣ ታካሚው ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነግረውን የደረት ሕመም ሳይሰማ ሊያልፍ ይችላልና። ሁለቱም መጠይቆች በተረኝነት ማግሥትም ከዕረፍት በኋላም ቢሞሉ፣ ውጤታቸውም ለሠልጣኙ ምዘና ባይውል እመርጣለሁ።