መልካም ፋሲካ፣ በትንሽ ድስት

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! 55ቱን ቀን ሙሉ ለጾማችሁም፣ እየቆራረጣችሁ ለዘለቃችሁም፣ ሌላው ሲጾም በትዕግሥት ለጠበቃችሁም ጭምር። ከድሬዳዋ ርቃችሁ ያላችሁ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ጅቡቲ ወይ ባሕር ማዶ፣ ናፍቃችሁናል። እዚህ ሙቀቱ እንደምታውቁት ነው። እኩለ ቀን ላይ ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ መውጣት አያሰኝም።

ዘንድሮ ከመልካም ምኞቱ ጋር ስለ ቆሻሻ ላወራችሁ ነው። የበዓል ወሬ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ነው እንጂ! ከፋሲካ ማግስት በየበሩ የሚቆመውን ማዳበሪያ እዩት።

ሁዳዴን እቤት ቆሻሻችንን እየለየን ነው የከረምነው። የምግብና የልጣጩ ለብቻ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ፣ የቀረው ለብቻ። ለማየት ያህል ነው፣ ሌላ ዓላማ አልነበረውም። ቆሻሻ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ፌስታልና ሃይላንድ ነው። ባልዲውን ስታነሱት ግን የሚከብደው የምግቡ ነው። ደግሞ በጾሙ ወቅት ያ ባልዲ ቀለል ብሎ ነበር፤ የተረፈ ሽሮ ጠዋት ፍትፍት ይሆናል፣ ምስሩ ሳምቡሳ ውስጥ ይገባል፣ እንጀራው ጣሪያ ላይ ተሰጥቶ በድሬ ፀሐይ ባንድ ቀን ድርቆሽ ይሆናል። የሚጣለው ልጣጭና የቡና አተላ ነው፤ እሱንም ጓሮ ፓፓያው ሥር እየቀበርነው ነው። ቅባትና ሥጋ ብቻ አትቀላቅሉበት፣ ዝንቡንና ድመቱን አትችሉትም።

እንግዲህ ፋሲካ ሲመጣ ይሄ ሁሉ ይገለበጣል። ዶሮ ወጥ እንደ ሽሮ አይታገሥም፣ በተለይ በዚህ ሙቀት። መብራት ከሄደ ደግሞ ፍሪጁም ቁም ሳጥን ማለት ነው። ክትፎ፣ ጥብስ፣ አይብ፣ ዶሮ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ተሠርቶ ሁሉም በአንድ ላይ መበላሸት ይጀምራል።

ልንገራችሁ አይደል፣ ትልቁን ድስት ከጓዳ የሚያስወጣን ረሃብ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። «እንግዳ ቢመጣስ? ድስቱ ሥር ታየ ይባል?» እንግዳውም እኮ ቤቱ ዶሮ ሠርቷል! ሦስት ቤት በልቶ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። እኛ ደግሞ ትሪውን ሞልተን እናቀርባለን፣ «በሞቴ» እንላለን፣ ሲከለክል እንጨምርበታለን፣ እሱም እንዳንቀየመው አንድ ሁለቴ ጎርሶ እጁን ይሰበስባል፤ ሰው እጁን የከተተበት ትሪ ደግሞ ወደ ድስት አይመለስም። አቦ፣ «በሞቴ» ስንቱን እንጀራ ገንዳ እንደከተተ ቢቆጠር!

ይሄ የሀብታም አገር ጣጣ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 ዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ 60 በመቶው ሆቴልና ሱቅ ሳይሆን መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። መረጃ በተገኘባቸው ሀብታምና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በነፍስ ወከፍ በዓመት 7 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። የተጣለው ምግብ ቆሻሻ ክምር ሥር አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፣ እሱም ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የበረታ ነው። ለድሬ ሰው ስለ ሙቀት መስበክ ግን ድፍረት ይሆንብኛል፣ ልለፈው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሽታው ሲቀየር «ለነዳያን ይሰጥ» የሚባል ነገርም አለ። ይሄ ፈጽሞ አይዋጥልኝም። እኛ ለልጆቻችን የፈራንላቸውን ወጥ ለሌላ ሰው ማቀበል ምጽዋት አይባልም። የሚሰጥ ካለ ቅዳሜ ይሰጥ፣ ጥሬ ሥጋውም ዶሮውም ዘይቱም ሽንኩርቱም ሳይነካ።

እዚህ ከተማ ሌላም ነገር አለ። ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ እነሱ የእኛን ሥጋ አይቀምሱም፣ እኛም የዒዳቸውን። ስለዚህ ሥጋ ሲተርፍ የግቢው ግማሽ ሊያግዘን አይችልም። ድፎ ዳቦ ግን አጥር አያውቅም፣ ቡናውም ለስላሳውም እንደዚያው። እኛ ቤት ዘንድሮ ዱቄቱን ጨምረን ሥጋውን ቀንሰናል። ፍየሉንም ብቻችንን አንገዛም፣ ለሁለት ቤት ተካፍለን ነው፤ ቅርጫ እኮ ድሮም የምትበላውን ያህል ብቻ የምትወስድበት ጥሩ ዘዴ ነበር። የሚተርፈው ሥጋ እዚያው እሁድ ከሰዓት ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሆናል።

ፍየል ካነሳሁ አይቀር፣ ሲታረድ ከጨጓራው ተጠቅልሎ የወጣ ፌስታል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከተማ ውስጥ የዋለ ፍየል ላይ ብርቅ አይደለም። የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል ምግብ መስሎት ይውጠዋል፣ ሆዱ ውስጥ አይፈጭም፣ አይወጣም። ፌስታልማ በአዋጅም ተይዟል፦ የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 513 የከለከለው ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ስሱን ነበር፣ 2017 ዓ.ም. ላይ ፓርላማው ያጸደቀው ደግሞ አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል ጭራሽ አግዷል። ከአዋጁ በፊት ግን ዘንቢል ነበረ። ቀፊራ ገበያ ዘንቢል ይዛችሁ ሂዱና ሽንኩርቱንም ቲማቲሙንም ሎሚውንም እዚያው ላይ አስደርቡት። ሻጮቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ኋላ ደስ ይላቸዋል፣ ፌስታል እኮ ለእነሱም ወጪ ነው።

ቆዳው ነው መላ ያጣሁለት። ድሮ ሳይታረድ ገዢው በር ላይ ይጣራ ነበር፤ ዋጋው ከወደቀ ወዲህ በየበዓሉ መንገድ ዳር ተጥሎ ይታያል። እንደታረደ ወዲያው በደንብ ጨው ከተነሰነሰበት ስለሚቆይ ገዢ ለመፈለግ ጊዜ ይሰጣል። ድሬ ውስጥ የሚረከብ ካወቃችሁ ጻፉልኝ።

በሉ፣ መልካም በዓል። እሁድ ደጃችን ክፍት ነው፣ ኑ፤ «በሞቴ» የሚላችሁም የለም፣ የፈለጋችሁትን ያህል ራሳችሁ አንሱ። ማክሰኞ የምትመጡ ግን ቡናና ዳቦ ነው የሚጠብቃችሁ፣ ዶሮው አልቋል።