ቪላ ቪሶዛ፦ የብራጋንሳ ነገሥታት ወጥተው የቀሩበት ከተማ

ፖርቱጋልን ከ1640 እስከ 1910 (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የገዛው የብራጋንሳ ሥርወ መንግሥት ስሙን የወሰደው በአገሪቱ ሰሜን ምሥራቅ ከምትገኘው የብራጋንሳ ከተማ በመሆኑ፣ የቤተሰቡን ታሪክ ፍለጋ ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው አይፈረድበትም። መሳፍንቱ ቤተ መንግሥታቸውን ያነጹትና መቃብራቸውን ያዘጋጁት ግን በአሌንቴዦ አውራጃ፣ ከስፔን ድንበር ብዙም በማትርቀው በቪላ ቪሶዛ ነው። እኔም መድረሻዬ ያደረግኋት እርሷን ነበር።

ከሊዝበን በቀጥታ ከመሄድ ይልቅ አስቀድሜ ኤቮራ አረፍኩ። ምክንያቴ የመንገዱ ርዝመት ብቻ አልነበረም። ሦስተኛው የብራጋንሳ መስፍን ፈርናንዱ በዳግማዊ ዡዋው ትእዛዝ፣ በክህደት ተፈርዶበት፣ በ1483 አንገቱን የተቀላው በኤቮራ ነው፤ ርስቱ ተወርሶ ልጆቹም ወደ ካስቲል ተሰደዱ። ቀዳማዊ ማኑኤል ሲነግሥ ቤተሰቡን ከስደት መልሶ ርስቱን ሰጠው፤ የተገደለው መስፍን ልጅ ዣይምም በ1501 የቪላ ቪሶዛን ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመረ። ይህን ቅደም ተከተል ይዞ የሚመጣ ጎብኚ፣ 110 ሜትር ያህል የሚረዝመውን የእብነ በረድ የፊት ግድግዳ የሚያየው ከሀብት ማሳያነት ባለፈ፣ ተነቅሎ የነበረ ቤት ዳግመኛ መቆሙን ያወጀበት ሥራ አድርጎ ነው። እኔ ቢያንስ እንዲያ አይቼዋለሁ።

እብነ በረዱ ከሩቅ የመጣ አይደለም። ከኤስትሬሞዝና ከቦርባ ጋር አካባቢው ሁሉ የእብነ በረድ አገር በመሆኑ፣ ጥልቅ የድንጋይ ማውጫ ጉድጓዶች ከመንገድ ይታያሉ፤ የተራ ሰው ቤት ደፍና የመስኮት ክፈፍ ሳይቀር ከዚሁ ድንጋይ የተሠራ ነው። በበጋ የአሌንቴዦ ሙቀት እጅግ ብርቱ ስለሆነ፣ ጥላ የሌለውን ሰፊውን የቤተ መንግሥት አደባባይ በማለዳ ማየት ይሻላል።

እኔ ግን ጉብኝቴን ከአደባባዩ አልጀመርኩም፤ መጀመሪያ በአሮጌው ምሽግ ቅጥር ውስጥ ወዳለችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። ፖርቱጋል ለ60 ዓመታት በስፔን ነገሥታት ሥር ቆይታ ነጻነቷን ካስመለሰች በኋላ፣ ከብራጋንሳዎች የመጀመሪያው ንጉሥ የሆነው ራብዓዊ ዡዋው በ1646 ዘውዱን ለዚህች ቤተ ክርስቲያን እመቤታችን አበርክቶ የአገሪቱ ጠባቂና ንግሥት ብሎ ሰየማት፤ ከዚያ ወዲህ የፖርቱጋል ነገሥታት ዘውድ በራሳቸው ላይ አልደፉም። ይህን ውሳኔ በስፍራው ሆኖ ማሰብ፣ ኋላ በቤተ መንግሥቱ የሚታዩትን የነገሥታት ሥዕሎች በሌላ ዓይን ለመመልከት ያግዛል።

ከዚያ ወርጄ አደባባዩ ላይ ደረስኩ። በመካከሉ የራብዓዊ ዡዋው በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሐውልት ቆሟል፤ ከቤተ መንግሥቱ ትይዩ ያለው የአውግስጢኖሳውያን ገዳም የመሳፍንቱ መቃብር ሲሆን፣ የባለቤቶቻቸው መቃብር ደግሞ ለብቻው በሻጋሽ የሴቶች ገዳም ነው። ዡዋው እዚሁ ከተማ የተወለደ ስምንተኛው መስፍን ነበር፤ በታኅሣሥ 1640 ሊዝበን ላይ መኳንንቱ በስፔን አገዛዝ ላይ ተነሥተው ንጉሥ ሲያሰኙት፣ ከዚህ ቤት ወጥቶ ወደ ዋና ከተማው ሄደ። በ1638 እዚሁ የተወለደችው ልጁ ካታሪናም የእንግሊዙን ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስን አግብታ ታንጂርንና ቦምቤይን በጥሎሽ ይዛ ሄዳለች። የኢትዮጵያን አሻራ እዚህ ለሚፈልግ አንባቢ አንድ ነገር ልጠቁም፦ በ1541 ክሪስቶቫው ዳ ጋማ ወደ አገራችን የዘመተው ከብራጋንሳዎች በፊት ፖርቱጋልን በገዛው በአቪስ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው፤ ብራጋንሳዎች ዙፋን ሲይዙ ደግሞ ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ካስወጡ ዓመታት አልፈው ነበር።

ቤተ መንግሥቱን ለብቻ መዘዋወር አይቻልም፤ ጎብኚው በቡድን ሆኖ አስጎብኚ ይከተላል፣ የኔም ቡድን አስጎብኚ የተናገረችው በፖርቱጋልኛ ነበር። ፈርናንዱ፣ ዣይም፣ ራብዓዊ ዡዋውና ካርሎስ እነማን እንደሆኑ አስቀድሜ ማንበቤ በእጅጉ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው፤ ስሞቹን የሚያውቅ ሰው ቋንቋውን ባይሰማም ክሩን አይስትም። ከአዳራሾቹ ይልቅ ልቤን የነካው የንጉሥ ካርሎስ የግል መኖሪያ ክፍሎች ናቸው። ንጉሡ አደን ይወድ ነበር፤ የተዋጣለት ሠዓሊም ስለነበር ሥራዎቹ በግድግዳው ላይ ይታያሉ። የካቲት 1 ቀን 1908 ከዚህ ቤት ከቤተሰቡ ጋር ተነሥቶ ሊዝበን እንደገባ፣ እርሱና አልጋ ወራሹ ሉዊሽ ፊሊፔ በጥይት ተገደሉ። ታናሹ ልጅ ማኑኤል ነገሠ፤ በ1910 ሪፐብሊክ ሲታወጅ ተሰድዶ በ1932 ልጅ ሳይተካ በእንግሊዝ አገር አረፈ። ቤተ መንግሥቱን ዛሬ የሚያስተዳድረው በ1933 የተቋቋመው የብራጋንሳ ቤት ፋውንዴሽን ነው፤ ማኑኤል በስደት ያሰባሰባቸው ጥንታዊ የፖርቱጋል መጻሕፍትም እዚሁ ስለሚገኙ፣ መጽሐፍ የሚወድ ጎብኚ ለእነርሱ የተለየ ጊዜ ቢመድብ እመክራለሁ።