ነጭ ዓሣውና የስምንት ዓመቷ ልጅ

ሰላም ወዳጆቼ። ዝግመተ ለውጥን በራሴ ማንበብ ከጀመርኩ ሰባተኛ ወር ይዣለሁ። ዛሬ የተሸወድኩበትን ልንገራችሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ስለ አንድ ጥያቄ ሳነብ ከረምኩ፦ ወንድ ሴትን አስገድዶ የሚደፍረው ዝግመተ ለውጥ እንዲያ ስለቀረጸው ነው? ጉዳዩን በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ ያጋጋሉት ራንዲ ቶርንሂልና ክሬግ ፓልመር የሚባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ቶርንሂል ጭራው የጊንጥ የሚመስል ዝንብ ያጠና ሰው ነው። ወንዱ ዝንብ ለሴቷ የሞተ ነፍሳት ወይም ምራቁን ስጦታ ያቀርባል። ስጦታ ያጣው ደግሞ ጀርባው ላይ ባለች መቆንጠጫ ክንፏን ይዞ ያስገድዳታል። ቶርንሂል መቆንጠጫዋን በሰም ሲሸፍናት ማስገደዱ ቀረ። ግሩም ሙከራ ናት፣ አሁንም እወዳታለሁ።

ግን ሰው ላይ እንዲህ ያለ መቆንጠጫ የለም። ታዲያ ሰሙን ምን ላይ ይቀቡታል? ሁለቱ ደራሲዎች ራሳቸው አልተስማሙም። ቶርንሂል ድርጊቱ ለመውለድ ስለጠቀመ ራሱን ችሎ በተፈጥሯዊ ምርጫ የተቀረጸ ነው ወደሚለው ያደላል። ፓልመር ደግሞ ለብቻው የተቀረጸ ሳይሆን ከሌላ ወሲባዊ ባሕርይ ጋር አብሮ የመጣ ትርፍራፊ ነው ይላል።

እኔ ግን የቶርንሂልን ዋጥ አደረግኩት። ቅዳሜ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በምንገናኝባት ሻይ ቤት፣ በኩራት ማስረዳት ጀመርኩ። ተጠቂዎቹ በብዛት የመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ናቸው፣ ስለዚህ...

ነርስ የሆነችው ጓደኛችን ማኪያቶዋን አስቀመጠች። «ቆይ እስኪ። የስምንት ዓመቷ ልጅ እዚህ ውስጥ የት ነች?»

ዝም አልኩ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ እኔ ግን ሻዬን አማስላለሁ።

ቤት ገብቼ ስፈልግ ጄሪ ኮይንና አንድሩ ቤሪ የሚባሉ ባዮሎጂስቶች ያኔውኑ ይህንኑ አንስተውት አገኘሁ። በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት ከተመዘገቡት የመድፈር ጥቃቶች 29 በመቶው ተጠቂዋ 11 ዓመት ሳይሞላት የተፈጸሙ ናቸው። ሕፃን አትወልድም። አሮጊትም አትወልድም። ወንዶችም ይደፈራሉ። ይሄኔ «ትርፍራፊ ነው» የሚለው መልስ ይመጣና ሁሉንም ጠቅልሎ ይውጣል። ሕፃን ብትሆን ይሠራል፣ አሮጊት ብትሆን ይሠራል፣ ወንድ ቢሆንም ይሠራል። እንዲህ በሁሉም ላይ ልክ የሚሆን ልብስ ያጠራጥረኛል።

በማግስቱ ዓሣ ልገዛ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ሻጯ አንድ አፈ ሰፊ ነጭ ዓሣ ሰነጠቀች። ሆዱ ውስጥ ጣት የምታክል ዓሣ አለች፣ ግማሽ የተፈጨች፣ ዓይኗ ግን እንዳለ። ቆሜ ፈዘዝኩ። ጣና ውስጥ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፣ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። የአፋቸው ቅርጽ ከምግባቸው ጋር አብሮ ተለውጧል ይባላል። እነዚያ አፈ ሰፊዎች ሆዳቸው ሲከፈት ጭቃና ሣር ብቻ ቢገኝ ኖሮ ያ ማብራሪያ አበቃለት። ስህተት ከሆነ ለማጋለጥ ቢላዋ ይበቃዋል።

«ወንድሜ፣ ትገዛለህ ወይስ ታያለህ?» አለችኝ። ሁለት ገዛሁ።

ለቶርንሂልና ለፓልመር ፍትሐዊ ልሁን፦ ማብራራት ማጽደቅ አይደለም ብለዋል። ትክክል ናቸው። የኔ ችግር ማብራሪያው ራሱ ቀሽም መሆኑ ነው። «ተፈጥሮው ነው» እያለ በዚያ የሚመጻደቅ ሰው መቼም አይጠፋም፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን የጀመርኩት የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሯን የኤልሳቤት ዉድን ሥራ ነው። በጦርነት ጊዜ ታጣቂ ቡድኖች በዚህ ነገር እኩል እንዳልሆኑ ታሳያለች። በስሪላንካው ጦርነት የታሚል ነብሮች የሚባሉት አማጽያን ሌላ ብዙ ግፍ ሲፈጽሙ ሲቪል ሴቶችን ግን እምብዛም አልደፈሩም። እነሱም ወንዶች ናቸው፣ ወጣትና መሣሪያ የያዙ። ዉድ ልዩነቱን የምትፈልገው አዛዡ በሚከለክለውና በሚቀጣው ነገር ውስጥ ነው። ገና ግማሹ ላይ ነኝ። ነርሷ ጓደኛችን ለቅዳሜ ጥያቄ አዘጋጅታለች አሉ፣ ማኪያቶዋን ሳታስቀምጥ ልጨርሰው እየተጣደፍኩ ነው።