ስለ መብራቱ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም

በአዳራሽ ውስጥ ስፖርት ማንሳት ለሚጀምር ሰው የሚሰጠው ምክር ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ ሌንስህ ኤፍ 2.8 የሚከፈት ይሁን (ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል)፣ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ አድርግ፣ የቀረውን ካሜራው ይጨርሰዋል ይሉታል። ምክሩ ሐሰት የለበትም። ነገር ግን የቅርጫት ኳስና የመረብ ኳስ ግጥሚያዎችን የሩቁን በሚያቀርብ ቴሌፎቶ ዙም ሌንስ ማንሳት ስጀምር ፍዳዬን ያበላኝ የብርሃኑ ማነስ ሳይሆን ጠባዩ ነበር፤ ስለ እርሱም ትንፍሽ ያለልኝ የለም።

በሌንሱ ምርጫ ላይ ብዙ አልቆይም። ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚሄድና ዙሙ የትም ላይ ቢሆን ኤፍ 2.8 የሚከፈት ሌንስ ያዝሁ። እስከ 300 የሚደርሱት ቀለል ያሉ ዙሞች ጫፋቸው ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 5.6 ብቻ ስለሚከፈቱ፣ የሚያስገቡት ብርሃን የዚህን ሩብ ያህል ነው፤ በእኔ ሌንስ በ3200 አይኤስኦ የሚነሳው ፎቶ በእነርሱ 12800 ይጠይቃል። ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነውን ሹተር 1/1000 ሰከንድ ላይ አደረግሁ፤ ፎከሱ ተጫዋቹን ያለማቋረጥ እንዲከታተል አስተካከልሁ፤ የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያውን ዘጋሁት። በደብዛዛ ብርሃን መከላከያውን ክፈቱ የሚለው የተለመደ መመሪያ ለቆመ ነገር ይሠራ ይሆናል፤ መከላከያው የሚያረጋጋው የእኔን እጅ እንጂ የሚዘልለውን ተጫዋች ስላልሆነ፣ በዚህ ፍጥነት ሲያነሱ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላየሁበትም።

ከግጥሚያው አስቀድሜ የአዳራሹን ኃላፊ ስለ መብራቱ ጠይቄያቸው ነበር። «መብራታችን እንከን የለበትም፤ ቴሌቪዥን እንኳ ሳይቀር ቀርጾበታል» አሉኝ፤ ቀጥለውም ከቅርጫቱ ሥር አስነስተው ወደ ላይኛው ጥግ ሰደዱኝ። ከዚያ ሆኜ በተከታታይ ካነሳኋቸው ፎቶዎች አንዱ ፍክት ያለ፣ ቀጣዩ ጨለም ብሎ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ሌላው ደግሞ ከላይ ደህና ሆኖ ከወገቡ በጥቁር መቀነት የታጠቀ ሆኖ ወጣ። በዓይኔ ሳየው ግን አዳራሹ አንድ ወጥ ብርሃን ነበረው።

ሌንሱን ወደ ካሜራ ጠጋኝ ወሰድሁት። ጠጋኙ ገና ሳይፈታው የአፐርቸሩን ቀዳዳ የሚያጠቡትና የሚያሰፉት ስስ ብረቶች ተጣብቀዋል፣ መጽዳት አለባቸው ብሎ ፈረደ። በጠራራ ፀሐይ ያነሳኋቸውን፣ ምንም መዛነፍ የሌለባቸውን ፎቶዎች ባሳየው ደግሞ ሙቀቱ አላቅቆት ነው አለኝ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ነው። የአዳራሹ ፎቶዎች በሙሉ የተነሱት ቀዳዳው ወለል ብሎ ተከፍቶ በኤፍ 2.8 ነበር፤ በዚህ ጊዜ እነዚያ ብረቶች ለማንሳት ብለው ንቅንቅ አይሉም። ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር ተጣበቀ ተብሎ ገንዘብ ተከፈለበት፣ ሌንሱም ሥራ ፈትቶ ከረመ፤ ተመልሶ ወደዚያው አዳራሽ ሲገባ መቀነቱም እንደነበረ ጠበቀኝ።

ምክንያቱ ያለው በኤሌክትሪኩ ውስጥ ነው። የመስመሩ ኃይል በሰከንድ 50 ዑደት ሲኖረው በርካታ የአዳራሽ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይፈዛሉም፤ 60 ዑደት ባለበት 120 ጊዜ ይሆናል። አንዱ መድመቅና መፍዘዝ 1/100 ሰከንድ ሲፈጅ 1/1000 ላይ የቆመ ሹተር የሚይዘው የዚያን አሥረኛ እጅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ፎቶ በድምቀቱ፣ ሌላው በፍዘቱ ላይ ይወድቃል። በአንዳንድ መብራቶች ላይ ከድምቀቱ ጋር ቀለሙም ይለዋወጣል። መቀነቱ የሚመጣው ደግሞ ሹተሩ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሠራ ብርሃኑን የሚቀበለውን ሴንሰር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለማይከፍት ነው፤ ጠባብ ክፍተት ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተጓዘ ስለሚያልፍ የፎቶው ላይና ታች በተለያየ ቅጽበት ብርሃን ያገኛሉ። ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሹተር ሴንሰሩን ቀስ ብሎ በሚያነብ ካሜራ ላይ ከሆነ መቀነቱን ያባዛዋል፤ በአዳራሽ ውስጥ ባይነኩት ይሻላል። ኃላፊው የተመኩበት ቴሌቪዥንም ቢሆን በ1/50 ሰከንድ ከቀረጸ ሁለት ሙሉ መድመቅና መፍዘዝ ስለሚይዝ ጉዳዩ አይታየውም። የእርሳቸው ማስረጃ ለእኔ ሥራ ምንም አያረጋግጥም ነበር።

አሁን ወደ ማንኛውም አዳራሽ ስገባ ተጫዋቾቹ ሳይወጡ አንድ ግድግዳ ላይ አነጣጥሬ፣ የቀለም ማስተካከያውን (ኋይት ባላንሱን) ካሜራው በራሱ ከሚወስንበት ከኦቶ አውጥቼ፣ በ1/1000 በተከታታይ አነሳለሁ። ፎቶዎቹ ከተለያዩና በ1/100 ሲነሱ ግን አንድ ዓይነት ከሆኑ ጥፋተኛው መብራቱ ነው። ብዙ ዘመናዊ ካሜራዎች ሹተሩን መብራቱ በሚደምቅበት ቅጽበት ላይ የሚያነሳ የፍሊከር (የመብራት መድመቅና መፍዘዝ) መከላከያ አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ ተዘግቶ ስለሚመጣ ከሜኑው ፈልጎ መክፈት ያስፈልጋል። የተከታታይ ፎቶውን ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል፤ እኔ ግን ከብዙ የተዛነፉ ፎቶዎች ጥቂት ደህና ፎቶዎችን እመርጣለሁ። መከላከያው የሌለው ካሜራ የያዘ ሰው ተጫዋቹ ዝላዩ ጫፍ ላይ ደርሶ ለአፍታ የሚቆምበትን ቅጽበት ጠብቆ በ1/250 ወይም በ1/200 ይሞክር፤ የእጁና የኳሱ መደብዘዝ አይቀርም፣ የቀለሙ መለያየት ግን ይቀንሳል።

ኦቶ አይኤስኦን ተጠቀሙ የሚሉትን አልሰማቸውም። ነጭ ማሊያ ሲመጣ ካሜራው ያጨልማል፣ ከበስተጀርባ ጥቁር ሲሆን ያነጣል፤ የአዳራሹ ብርሃን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ስለሆነ አንድ ጊዜ ለክቶ ማጽናት ይበልጣል። አይኤስኦ ከፍ ሲል በፎቶው ላይ የሚረጨውን ነቁጥ ፈርቶ አይኤስኦውን ዝቅ ማድረግና በኋላ በኮምፒውተር ማንጣትም ከንቱ ነው፤ በጥላው ቦታ ያለው ነቁጥ አይቀንስም፣ አንዳንዴም ይብሳል። ከሩቅ ጥግ ሲያስቀምጡኝ ሌንሱን የሚያረዝመውን 1.4 እጥፍ ማራዘሚያ አልሰካም፤ ኤፍ 2.8 የነበረውን ኤፍ 4 ስለሚያደርገው ግማሹን ብርሃን ይበላብኛል። በ200 አንስቼ መቁረጥ ይሻለኛል።

አንድ ነገር ብቻ እስካሁን አልተፈታልኝም። በትልልቅ አዳራሾች መብራቶቹ በሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች ላይ ተከፋፍለው ሲገጠሙ ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይደምቁም፤ የካሜራው መከላከያ አንዱን ሲጠብቅ ሌላው ሜዳው ጫፍ ላይ እየፈዘዘ ይገኛል። በእንዲህ ያለ ቦታ የግድግዳውን ሙከራ በሁለቱም ቅርጫቶች በኩል አደርግና የተሻለ ወጥ የሆነውን ወገን መርጬ፣ ጨዋታው ወደዚያ እስኪመጣ ድረስ ጣቴን ከሹተሩ ላይ አነሳለሁ።